ጥቁሩን ጣሪያ ነጭ ለማድረግ

በናይሮቢ ከተማ ከሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ የተላከ ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ደርሶናል። ወይዘሮዋ የጻፉልን ስለ አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ነው። ባለቤታቸው ከብዙ ዓመት በፊት የገዙት ፎርድ ኮርቲና፥ ማርክ ሦስት የሚባለው ዓይነት፥ እስከ ዛሬ በግቢያቸው ውስጥ አለ፤ ይሄዳልም። አካሉ ነጣ ያለ ሰማያዊ ሲሆን፥ ጣሪያው ቪኒል በሚባል የፕላስቲክ ቆዳ የተሸፈነ ነው። ይህ የጣሪያ ልብስ ድሮ ጥቁር ነበረ፤ አሁን ግን አመድ መስሏል። በመጪው ጥር ሴት ልጃቸው ትዳራለች። ሙሽራዪቱ በአባቷ መኪና ለመሄድ ትፈልጋለች፤ ነገር ግን ጣሪያው ነጭ እንዲሆንላት ለምናለች። አባትየው ደግሞ ከፋብሪካ ጥቁር ሆኖ የወጣውን ነጭ ማድረግ መኪናውን ማበላሸት ነው ብለው እምቢ ብለዋል። ወንዱ ልጅ በበኩሉ መኪናው ከሠርጉ በኋላ እንዲሸጥ ስለሚያስብ፥ የሚጠይቀው የትኛው ቀለም የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ ነው። ሁለት ሠራተኞች ተጠርተው አይተውታል፤ አንዱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀብቼ እጨርሳለሁ ሲል፥ ሁለተኛው ልብሱ በሙሉ ካልተገፈፈ አልነካውም ብሎ ሄዷል። ገንዘቡ ለሠርግ ከተቀመጠው ላይ ተነሥቶ የሚከፈል ስለ ሆነ፥ ከሁለቱ የትኛውን እንመን ሲሉ ወይዘሮዋ ይጠይቃሉ።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ቢመስልም፥ በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ መኪና ያላቸው ቤተ ሰቦች ጥቂቶች ስላልሆኑ መልሱን በዚህ ዓምድ ማውጣቱን መርጠናል። የመልሱንም ፍሬ ነገር አስቀድመን እንናገር፤ በዚህ ቤት ውስጥ ቀለሙን የሚወስኑት ሙሽራዪቱም አባቷም አይደሉም። የሚወስነው ከጣሪያው ልብስ በታች ያለው ላሜራ ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ አንድ ነገር። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን እንደሚያስተውሉት፥ የመኪና ነገር በአማርኛ ሲነገር ከኢጣልያንኛ የመጣ ቃል ይበዛበታል። ዝርግ ብረቱ ላሜራ፥ የሞተሩ መክደኛ ኮፈን፥ የሠራተኛው ማጣበቂያ ማስቲሽ ይባላል። በአሥመራና በአዲስ አበባ ጋራዦች ውስጥ ያደገ ሰው በእነዚህ ቃላት ይግባባል። ናይሮቢ ላይ ግን አይረዱም። በዚያ የእጅ ሠራተኛ በስዋሂሊ ፉንዲ ይባላል፤ በጎዳና ዳር፥ ያለ ጣሪያ የሚሠሩት ሁሉ ደግሞ ጁዋ ካሊ ይባላሉ፤ ትርጉሙም የሚያቃጥል ፀሐይ ማለት ነው። ጥንት ግሮጋን ሮድ ይባል በነበረው በዛሬው ኪሪንያጋ ሮድ የሄደ ሰው፥ መለዋወጫ የሚሸጡትንና መኪና የሚጠግኑትን እነዚህን ሠራተኞች በብዛት ያገኛቸዋል።

አሁን ወደ ጣሪያው እንምጣ። አውቶሞቢል በተጀመረበት ዘመን የብዙዎቹ መኪኖች ጣሪያ መካከሉ በእንጨት ማገር ላይ በተወጠረ፥ ውሃ በማያሳልፍ ጨርቅ ይሸፈን ነበር። ምክንያቱም ፋብሪካዎቹ ያን ያህል ሰፊ ላሜራ በአንድ ጊዜ ተጭነው ለማውጣት ገና አልቻሉም ነበር። በ1935 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እናስቀምጣለን) ጄኔራል ሞተርስ ሙሉ የብረት ጣሪያ ያላቸውን አውቶሞቢሎች ካወጣ በኋላ ጨርቁ አላስፈላጊ ሆነ። ሰው ግን አላስፈላጊ የሆነውን ነገር ቶሎ አይረሳም። ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና የባለጸጋ ምልክት ስለ ነበረ፥ የብረቱን ጣሪያ ቪኒል እያለበሱ ጨርቅ ማስመሰል ተጀመረ። ካዲላክ በ1956 ኤልዶራዶ ሴቪል በተባለው መኪና፥ ፎርድም በ1962 ተንደርበርድ ላንዳው በተባለው ይህን አደረጉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተና በ1969 ፕሊመዝ አበባ የታተመበት ጣሪያ ለገበያ እስከ ማቅረብ ደረሰ፤ የጠረጴዛ ልብስ ደርቦ በመንገድ የሚሄድ መኪና ማለት ነው። ፋሽኑ ወደ እንግሊዝ አገርም ተሻገረ። ከ1970 እስከ 1976 ከተሠራው ከማርክ ሦስት ኮርቲና መካከል ከፍ ያለው፥ ጂ ኤክስ ኤል የተባለው፥ የቪኒል ጣሪያ ነበረው። ኮርቲና ደግሞ በኬንያ የተከበረ ስም ነው፤ በ1964 ፒተር ሂዩዝ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር ያሸነፈው በመጀመሪያው ዓይነት ኮርቲና ነበር። ስለዚህ አባትየው መኪናቸውን እንደ ቅርስ ቢቈጥሩት አይፈረድባቸውም።

ከዚህ ታሪክ ልንይዘው የሚገባን አንድ ነገር ብቻ ነው። የቪኒል ጣሪያ ጌጥ ነው እንጂ ጣሪያ አይደለም። ዝናቡን የሚከለክለው ከበታቹ ያለው ብረት ነው። ጌጡ ግን ብረቱን ከዓይናችን ስለሚሰውረው፥ ብረቱ ሲታመም የሚያይለት የለም።

ጥቁሩ ለምን አመድ መሰለ? ቪኒል በተፈጥሮው ደረቅ ነገር ነው፤ እንደ ቆዳ የሚለሰልሰው ዘይት መሰል ማለስለሻ ስለሚጨመርበት ነው። ሙቀት ይህን ማለስለሻ ቀስ በቀስ ያስወጣዋል፤ ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረርም ቀለሙንና ቪኒሉን ራሱን ይሰባብረዋል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ጥቂት ብቻ ርቃ፥ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ይህ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከ10 እስከ 12 ከመቶ ያህል ይጨምራል። የናይሮቢ አየር ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ ሰው ፀሐዩን ይንቀዋል፤ ቪኒሉ ግን አይንቀውም። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባም ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ማለስለሻው ያለቀበት ቪኒል ይኮማተራል፤ ስፌቱ ላይ ይለያያል፤ በመጨረሻም እንደ ደረቀ የኩሬ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ይህን ማስተዋል ያሻል፤ ቀለም መቀባት መልኩን ይመልሳል እንጂ ልስላሴውን አይመልስም። የደረቀ ቪኒል ቢቀባ፥ የተቀባ ደረቅ ቪኒል ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ውሃ ነው። የቪኒሉ ጀርባ ጨርቅ ነው። በስፌቱ ቀዳዳ፥ በኋላው መስታወት ዙሪያ ባለው ጌጠኛ ብረት ሥር፥ ወይም በጣሪያው ጠርዝ ባለው አሸንዳ በኩል ጥቂት ውሃ ከገባ፥ ጨርቁ እንደ ሰፍነግ ይይዘዋል። ከላይ ፕላስቲክ ስላለበት አይተንም፤ ከታች ብረት ስላለበት አይፈስም። በናይሮቢ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይዘንባል። ስለዚህ ጣሪያው አንዱን ዝናብ ሳያደርቅ ሌላው ይደርስበታል። ብረቱ በስውር ይዝጋል፤ ዝገቱም ከብረቱ ይልቅ ቦታ ስለሚፈልግ ቪኒሉን ወደ ላይ ይገፋዋል።

እንግዲህ ወይዘሮ ሆይ፥ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በእጅዎ የሚያደርጉት አንድ ምርመራ አለ፤ ምንም አያስከፍልም። ጧት፥ ፀሐይ ጣሪያውን ሳያሞቀው፥ በአውራ ጣትዎ ቀስ እያሉ ይጫኑት። በተለይ የኋላው መስታወት ከታች በግራና በቀኝ በሚያልቅበት ማዕዘን፥ ከፊተኛው መስታወት በላይ፥ በአሸንዳው ዳርና በስፌቱ ግራና ቀኝ ይጫኑ። ልብሱ ከብረቱ ጋራ ተጣብቆ ጸጥ ካለ ደኅና ነው። እንደ ፊኛ ተነሥቶ ድምፅ ሳያሰማ ከተመለሰ፥ ማስቲሹ ብቻ ለቋል ማለት ነው። እንደ ገብስ ቆሎ ከሽ ከሽ ካለ ግን የሚሰሙት የተላጠ ዝገት ነው። ከዚህ በኋላ በሩን ከፍተው የውስጡን ጣሪያ ጨርቅ ይዳስሱ፤ እርጥበት ወይም ቡናማ እድፍ ካለበት፥ ወይም ከዝናብ በኋላ በኋላው የዕቃ ማስቀመጫ ወለል ላይ ውሃ የሚገኝ ከሆነ፥ ቀዳዳው ብረቱን አልፏል። በመጨረሻ አነስተኛ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው በጣሪያው ላይ ይሳቡ፤ በሌላው ቦታ እየያዘ በአንድ ቦታ ድንገት ከሰነፈ፥ በዚያ ሥፍራ ብረቱ ተበልቶ ስቱኮ ተሞልቶበት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሦስቱን ሳያደርግ ዋጋ የሚነግርዎት ሠራተኛ ፉንዲም ቢባል ጌታ ቢባል የሚናገረው በግምት ነው።

ምርመራው የሚያደርሰን ወደ ሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱም በቀለም ይለያያሉ።

ልብሱ ደኅና ሆኖ ከተገኘ፥ ማለትም ከብረቱ ካልለቀቀና ካልተሰነጠቀ፥ አባትየው እውነት አላቸው፤ በጥቁር ይታደስ። ይህን የምንለው ጥቁር ከፋብሪካ የወጣበት ቀለም በመሆኑ ብቻ አይደለም። ነጭን ጥቁር ማድረግ ቀላል ነው፤ ጥቁርን ነጭ ማድረግ ግን አስቸጋሪ ነው። ጥቁሩ እንዳይታይ ነጩን ደጋግሞ መቀባት ያስፈልጋል። በተደጋገመ ቍጥር ቪኒሉ ቆዳ የሚመስልበት ያ ሽብሽብ ይሞላና ጣሪያው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ይሆናል። ከዚያም በላይ ቅርንጫፍ ወይም የሠርግ ገመድ ቢፍቀው፥ ከነጩ ሥር ጥቁሩ ብቅ ይላል። ጥቁር በጥቁር ላይ ሲሆን ግን ሦስት ወይም አራት ስስ ቅብ ይበቃል፤ ቢፋቅም አይጋለጥም።

የአቀባቡ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። ለመኪና አካል የሚሆነው ተራ ቀለም ለቪኒል አይሆንም፤ ሲደርቅ ስለሚጠነክር፥ ቪኒሉ በፀሐይ ሲለጠጥና በሌሊት ሲሰበሰብ አብሮት ሊሄድ አይችልምና ይሰነጠቃል። ለቪኒል ተብሎ የተሠራ፥ ገብቶ የሚያዝና የሚተጣጠፍ ቀለም አለ፤ እርሱ ብቻ ይገዛ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ የጫማ ቀለም ቀብቶ ያብሰዋል። ያ ለአንድ ቀን ያምራል፤ ነገር ግን በሠርግ ቀን ነጭ ልብስ የለበሰች ሙሽራ ብትደገፍበት የሚሆነውን ለማሰብ አያስቸግርም።

ከመቀባቱ በፊት ያለው እጥበት የሥራው ግማሽ ነው። በለብታ ውሃ፥ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ሽብሽቡንና ስፌቱን እየተከተሉ ደጋግሞ ማጠብ፥ ሳሙናውን ፈጽሞ ማስለቀቅ፥ ከዚያም ማድረቅ ነው። ጎማና ዳሽቦርድ የሚያብረቀርቁበት ቅባት የቀለም ጠላት ነው፤ ባለፉት ዓመታት ጣሪያው ይህን ተቀብቶ ከሆነ፥ አዲሱ ቀለም ዓሣ ዓይን የሚመስል ቀዳዳ እየሠራ ይሸሻል። ቅባቱ መልቀቁን ለማወቅ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥቡበት። ውሃው ክብ ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ቅባቱ ገና አለ፤ ዘርጋ ብሎ ካረጠበው ጸድቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን፥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው ያለው ሠራተኛ እጥበቱን አስቦት እንደ ሆነ ይጠየቅ።

በሚቀባበት ቀን መስታወቱ፥ ጌጠኛው ብረትና የመኪናው አካል በሙሉ በወረቀት ይሸፈን፤ የሚረጭ ቀለም ከታሰበው ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ሥራው ከፀሐይ ሥር አይደረግ። ጁዋ ካሊ ሠራተኞች ስማቸው እንደሚነግረን በፀሐይ መሥራት ለምደዋል፤ ነገር ግን በጋለ ቪኒል ላይ የሚረጭ ቀለም ሳይያያዝ ይደርቃል። ዳስ ወይም በሩ የተከፈተ ጋራዥ ይሻላል። እያንዳንዱ ቅብ እንደ ጉም ስስ ይሁን፤ አንዱ በቁመት ከተረጨ የሚቀጥለው በወርድ ይረጭ። አስቀድሞም በማይታይ ማዕዘን ላይ ጥቂት ተሞክሮ፥ በማግሥቱ የሚለጠፍ ፕላስተር ተለጥፎ በኃይል ይነቀል፤ ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋራ ከመጣ እጥበቱ አልበቃም።

እግረ መንገዳችንን ስለ ቀጠሮ አንድ ቃል። የስዋሂሊ ተናጋሪ እንደ እኛው ሰዓትን የሚቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ፉንዲውን በስዋሂሊ በሁለት ሰዓት ና ቢሉት፥ እንደ እኛው ከጧቱ ሁለት ሰዓት ይመጣል። በእንግሊዝኛ ሁለት ሰዓት ቢሉት ግን የሚመጣው በእኛ ስምንት ሰዓት፥ ጣሪያው ከጋለ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆመው የጠበቁ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምንጽፈው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንሂድ። አውራ ጣትዎ ከሽ ከሽ የሚለውን ድምፅ ከሰማ፥ ልብሱን በሙሉ እገፋለሁ ያለው ሠራተኛ ትክክል ነው፤ የፊተኛው መሰናበት አለበት። በዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቁስል ሳይታጠብ ማሰር ነው። የሚገርመው ግን በዚህ ጊዜ ሙሽራዪቱ ፈቃዷ ይፈጸምላታል። አሮጌው ልብስ ከተገፈፈ አዲስ መግዛት ግድ ነው፤ በአዲሱ ቪኒል ቀለሙ የሚገኘው ላዩ ላይ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ስለ ሆነ፥ ነጭም ሆነ ጥቁር የድካሙ መጠን አንድ ነው። እንዲያውም ለእንደ ናይሮቢ ላለው ፀሐይ ነጩ ይመረጣል፤ ሙቀቱን ይመልሳል፥ ቪኒሉም በዚያው መጠን ማለስለሻውን ቶሎ አያጣም። እኛ ብንጠየቅ ሙሽራዪቱን እንደግፋለን።

ነገር ግን ይህ መንገድ ውድ ነው፤ ጊዜም ይበላል። የፊትና የኋላ መስታወት ከነጎማቸው ይወልቃሉ። አሮጌ ጎማ ሲወጣ ስለሚበጣጠስ አዲሱ ሳይገኝ መስታወቱ አይነካ። ከዚያ አሮጌው ማስቲሽ ይፋቃል፤ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እስከ ነጭ ብረት ይደረሳል። የተበሳው ቦታ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየዳል። እዚህ ላይ ንቁ ይሁኑ፤ ሠራተኛው ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ ቪኒሉን ቢያለብሰው ማንም አያይም፤ ስቱኮ ግን ውሃ ይመጣል፥ ከሁለት ዝናብ በኋላም እብጠቱ ይመለሳል። ስለዚህ ልብሱ ከመልበሱ በፊት ባለቤትየው ራሳቸው ሄደው ብረቱን ይዩ፤ ፎቶግራፍም ያንሡ። ብረቱ አንቲራስትና ቀለም ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ፥ የጣሪያው እኩሌታ በመስመር ይለካና አዲሱ ልብስ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፥ አንዱ ወገን አስቀድሞ ሌላው ተከትሎ፥ እየተለጠጠ ይጣበቃል። ቪኒሉ እንዲለሰልስ አስቀድሞ ጥቂት በፀሐይ ይሰጣል። በጁዋ ካሊ ፀሐዩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ልብሱንም ሲገዙ ለወንበር የሚሆነውን አይቀበሉ። በገበያ በሜትር የሚሸጠው አብዛኛው የወንበር ቪኒል ነው፤ ቤት ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ለመቀመጥ እንጂ ለዝናብና ለፀሐይ አልተሠራም፤ በጣሪያ ላይ ብዙ ሳይቆይ ይሰነጠቃል። ለጣሪያ ወይም ለጀልባ ተብሎ የተሠራውን ይጠይቁ፤ በዋጋው ይለያል።

ለዚህ ሥራ ቢያንስ ስድስት ሳምንት እንዲቀመጥ እንመክራለን፤ ልብሱ ሲገፈፍ ከበታቹ የሚገኘው ሁልጊዜ ከተገመተው ይበልጣልና። ያን ያህል ጊዜ ከሌለ፥ ጣሪያው በሚገባ ታጥቦ ሠርጉ በአመዱ ቀለም ይለፍ፤ ሥራው ጥር ካለፈ በኋላ፥ በደረቁ በየካቲት ይጀመር። ነጭ አበባና ነጭ ሪባን በጥቁር ላይ ደምቆ የሚታይ ነገር ነው። ግን በበርና በመስታወት በኩል ይታሰር እንጂ በፕላስተር አይለጠፍ፤ ፕላስተር ሲነሣ ደረቅ ቪኒል አብሮ ይነሣል።

የወንዱ ልጅ ጥያቄ ቀርቷል። በናይሮቢ ከ1970 ጀምሮ በአልፋ ሮሜዮ ባለቤቶች ክበብ የሚዘጋጅ፥ ኮንኩር ደሌጋንስ የሚባል የአሮጌና የተዋቡ መኪኖች ውድድር አለ፤ የሚደረገውም በንጎንግ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚወድ ገዢ ጥቁር ሆኖ የወጣውን ጥቁር ሆኖ ቢያገኘው ደስ ይለዋል። ቢሆንም ነጭ በመሆኑ ከሚቀንሰው ይልቅ፥ ዝገት ኖሮበት በመገኘቱ የሚቀንሰው ይበልጣል። ልጁ ከሽ ከሽ የሚለውን ጣሪያ በጥቁር አስቀብቶ ለመሸጥ አስቦ እንደ ሆነ፥ ይህ ንግድ አይደለም፤ ሌላ ስም አለው። ከላይ ያልነው ፎቶግራፍ፥ የቪኒሉ መግዣ ደረሰኝና የበያጁ ሒሳብ በአንድ አቃፊ ተቀምጦ ለገዢው ቢሰጥ፥ ነጩም ጣሪያ ዋጋ ያወጣል።

የወረቀቱም ነገር እንዳይረሳ። በኬንያ ሎግቡክ በሚባለው፥ እኛ ሊብሬ በምንለው ደብተር ላይ የመኪናው የአካል ቀለም ተጽፏል። አካሉ ሲለወጥ በ2012 በወጣው ሕግ ለተቋቋመው ለብሔራዊ የትራንስፖርትና የደኅንነት ባለሥልጣን ማስታወቅ ይገባል። የጣሪያው ልብስ ብቻ በሚለወጥበት ጊዜ አስቀድሞ ባለሥልጣኑን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ በመንገድ ላይ ከሚደረግ ክርክር ያድናል።

ከመፈጸማችን በፊት ለእናቶች የምንለው አለን። ከሁለቱ መንገዶች በየትኛውም ቢሄዱ በግቢዎ ውስጥ ማስቲሽ፥ ቲነርና የቪኒል ቀለም ይገባል። ሥራው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይደረግ፤ ሲጋራም ሆነ የከሰል ምድጃ በአጠገቡ አይኑር፤ ጭሱ በእሳት ይያያዛልና። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት እስኪደርቅ ድረስ ከዚያ ወገን ይራቁ። በናይሮቢ ጎዳናዎች ላይ ከአፍንጫቸው ሥር ጠርሙስ ይዘው ማስቲሽ የሚስቡ ልጆችን ያላየ የለም፤ በአዲስ አበባም አሉ። ትነቱ ረኃብን የሚያስረሳ ይመስላቸዋል፤ አንጎልን ይጎዳል፥ ልብንም በድንገት ያቆማል። እነዚህ ልጆች ማስቲሹን ከሚያገኙባቸው ቦታዎች አንዱ፥ ሠራተኛ ሥራውን ፈጽሞ እኩሌታውን ከነቆርቆሮው የጣለበት የቆሻሻ መጣያ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ስንት ቆርቆሮ እንደ ገባ ይቈጠር፤ ሲያልቅም ያው ቍጥር ይገኝ። ያልተከፈተው ለሻጩ ይመለስ። የተረፈበት ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ፥ በሩ በሚቆለፍ ግቢ፥ ከእሳትና ከልጆች ርቆ በነፋስ ይቀመጥ፤ ውስጡ እንደ ድንጋይ እስኪደርቅ ድረስ ከግቢ አይውጣ።